ከ09 ወደ 07 ልሻገር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም አዘጋጅቼ በስልክና በቴሌግራም ትእዛዝ እየተቀበልኩ እሸጣለሁ። 09 ቁጥሬን ከያዝኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። ያኔ ሲሙን ያወጣልኝ ወንድሜ ነው። አሁን ግን የካርድ ወጪ አንገቴ ድረስ ደረሰ። ማታ 100 ብር ሞልቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጎረቤቴ ‹07 አውጪና ተገላገዪ› ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ‹09 እያለ ምን ፍለጋ ነው?› ይላል። እናቴ መንዝ ስለሆነች ከእሷም ጋር መገናኘት አለብኝ። የትኛው ይሻለኛል? በአንድ ቃል ይንገሩኝ።

ባለ ባልትናዋ፣ ከኮዬ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በአንድ ቃል ከሆነ፣ 09ሽን፣ ማለትም የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርሽን፣ ለሳፋሪኮሙ 07 ብለሽ አትልቀቂ። ግን ያ የመልሱ ግማሽ ነው። ቁጥርና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁጥርሽን እንደያዝሽ ኢንተርኔቱን ከሌላ መግዛት ትችያለሽ። ጎረቤትሽና ወንድምሽ ያልተስማሙት ሁለቱን አንድ ላይ ስላዩት ይመስለኛል።

ስለ ቁጥሩ ልጀምር። 9 ዓመት የያዝሽው ቁጥር ሱቅሽ ነው። ኪራይ የምትከፍዪበት ሱቅ የለሽም። መንገድ ዳር የሰቀልሽው ታፔላም የለም። ደንበኛ አንቺን የሚያገኝሽ በዚያ ቁጥር ብቻ ነው። አምና ለፋሲካ በርበሬ የወሰደችው ሴት ዘንድሮም ስልኳን ከፍታ «የኮዬዋ ባልትና» ብላ የመዘገበችው ላይ ነው የምትደውለው። ካልሠራላት ሌላ ባለሙያ ትፈልጋለች እንጂ አንቺን ፍለጋ ብሎክ ለብሎክ አትዞርም። 07 ስታወጪ ደግሞ የሚሰጥሽ አዲስ ቁጥር ነው። ባንኩ መልእክት የሚልክልሽ፣ ቴሌብርሽ ያለው፣ የልጆችሽ ትምህርት ቤት የሚደውልልሽ በድሮው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለመቀየር የሚወስድብሽን ጊዜ አስቢው።

አሁን እኔን ያስደነገጠኝ ነገር ላይ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግሽው ነው። «ሲሙን ያወጣልኝ ወንድሜ ነው» ብለሻል። በማን ስም ነው ያወጣው? በራሱ መታወቂያ አውጥቶ ሰጥቶሽ ከሆነ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት እሱ ነው። አንቺ የሌላ ሰው ቁጥር ይዘሽ ነው 9 ዓመት የሠራሽው።

ወንድምሽን መጠርጠሬ አይደለም። የምፈራው ስልክሽ የጠፋ ቀን የሚመጣውን ነው። ታክሲ ውስጥ ሲወሰድብሽ ምትክ ሲም ለማውጣት ትሄጃለሽ። ሲሙ የተመዘገበበት ሰው መታወቂያውን ይዞ ይምጣ ትባያለሽ። ወንድምሽ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ቢሆንስ? ያውም የበዓል ሳምንት፣ ትእዛዝ በሚጎርፍበት ጊዜ ቢሆንስ?

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። የእኔ ቁጥር በባለቤቴ ስም ነበር። እሱ ካረፈ በኋላም በዚያው ቀጠልኩ፤ ሲሙ ስለሚሠራ ትዝም አላለኝ። አንድ ቀን ቦርሳዬ ገበያ ውስጥ ተከፍቶ ስልኬ ተወሰደ። ምትክ ላወጣ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «እማማ፣ ባለቤትዎ ራሳቸው ይምጡ» አለችኝ። አፌ ተያያዘ። ልጅቷ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ እኔን ከሌባ የምትለይበት ሌላ መንገድ የላትም። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ሌላም ሌላም ይዤ ስመላለስ ሳምንታት አለፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ «ጥሪ አይቀበልም» ነው የሚሰማው። ስንቱ ሞታለች ብሎ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

ስለዚህ ከዋጋም ከፍጥነትም በፊት ይህን ጨርሺ። ከወንድምሽ ጋር ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና ቁጥሩን በስምሽ አዛውሩ። ፋይዳ ካላችሁ ፋይዳውን ያዙ። 07 የምታወጪ ከሆነም ከመጀመሪያው በራስሽ ስም ይሁን። መንገድ ላይ ቀድሞ የተከፈተ ሲም የሚሸጥልሽ ካለ አትግዢ። በማን ስም እንደተከፈተ አታውቂም። በዚያ ስም ያለ ቁጥር ላይ ደግሞ ገንዘብ ልታስቀምጪበት ነው።

አሁን ካርዱን የሚበላው ምን እንደሆነ እንፈልግ። ኩባንያ ብትቀይሪም ይሄ ነገር ተከትሎሽ ይሄዳል፤ ምክንያቱ ስልክሽ ውስጥ ነው ያለው።

አንቺ ማታ 100 ብር ትሞያለሽ። ጥቅል ገዝተሽ ይሁን ሳትገዢ አልጻፍሽልኝም። የቅድመ ክፍያ ነገር እንዲህ ነው። ጥቅል ካለሽ ዳታው ከጥቅሉ ይቀነሳል። ጥቅሉ ካለቀ ወይም ጊዜው ካለፈ፣ ዳታሽም ክፍት ከሆነ፣ ስልኩ ዝም ብሎ ከቀሪ ሒሳብሽ ላይ መቁረጥ ይጀምራል። ያለ ጥቅል የሚቆረጠው ሂሳብ ደግሞ ከጥቅሉ ዋጋ በጣም ይከብዳል። አንቺ ተኝተሻል። የብሎካችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ግን አልተኛም። አንዱ የሰርግ ቪዲዮ ይለቃል፣ ሌላው የስብከት፣ ሌላው የሚሸጥ ፍሪጅ ፎቶ። ስልክሽ አንድ በአንድ እየተቀበለ ያወርዳል። ከጎን ደግሞ አፕሊኬሽኖቹ ራሳቸውን ያድሳሉ። ሲነጋ 100 ብሩ የለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ አድርጊው። ቴሌግራም ክፈቺ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ንኪ። በሞባይል ዳታ ራሱ እንዲያወርድ የተፈቀደለትን ዝጊበት። ከዚያ በኋላ ቪዲዮው የሚወርደው አንቺ ስትነኪው ብቻ ነው። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶር ግቢና አፕሊኬሽኖች በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ አድርጊ። ስትተኚ ዳታውን አጥፊ። ዳታ ቢጠፋም ስልክ ይደወልልሻል፣ የባንክ መልእክትም ይገባል፤ እነሱ በሌላ መንገድ ነው የሚመጡት።

ካርድ መሙላቱንም ተዪው ባይ ነኝ። ጥቅሉን ከቴሌብር ላይ በቀጥታ ግዢ። ያኔ የጥቅሉ ዋጋ ብቻ ይሄዳል፤ ቀሪ ሒሳብ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር፣ ሌሊት የሚበላ ብር አይኖርም። ይህቺ ብቻ ከወጪሽ ትልቁን እንደምትቀንስልሽ እምነቴ ነው።

ልጆቹንም ጠይቂያቸው። ዩቲዩብን በመካከለኛ ጥራት፣ 480 በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ካዩ ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ይሄዳል። 144 ላይ ዝቅ ብታደርጊው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ይወርዳል። ለልጆች መዝሙርና ተረት ያ በቂ ነው። ቲክቶክ ደግሞ ያላየሽውን ቀጣዩን ቪዲዮ ቀድሞ ስለሚያወርድ፣ ጣትሽ ሳይነካውም ይበላል።

አሁን ወደ ጎረቤትሽና ወንድምሽ ክርክር እንመለስ። ይህ ክርክር ራሱ አዲስ ነው። ለረጅም ጊዜ አገሩ በሙሉ ያለው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው በ2013 ነው። ነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ጀመረ፤ አዲስ አበባ ላይ መስከረም 26 ቀን 2015 በይፋ ሥራውን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነው «09 ወይስ 07» የሚባል ጥያቄ የመጣው። ኢትዮ ቴሌኮም የቆየ ስለሆነ ወደ ገጠሩ ሰፋ ብሎ ደርሷል። ሳፋሪኮም አዲስ ገቢ ስለሆነ ደንበኛ ለመሳብ ይሠራል። ይህ እውነት ነው። ግን ለአንቺ 3ኛ ፎቅ ምንም አይነግርሽም።

ልጄ፣ ኔትወርክ የሚመጣው ከድርጅቱ ስም ሳይሆን ከአንድ የተወሰነ ማማ ነው። ያ ማማ ከብሎክሽ በየት በኩል ነው? በመካከላችሁ ስንት ባለ 4 ፎቅ ብሎክ ቆሟል? ኮንክሪት ሞገድን ያዳክማል። ቆርቆሮ ደግሞ ይባስ፣ መልሶ ይገፋዋል። በርበሬሽን የምታዘጋጂው የጋራ መገልገያው ውስጥ ከሆነ፣ ቆርቆሮ ጣሪያና ብረት በር ካለው፣ እዚያ ውስጥ ስልክሽ የሚያሳይሽ ነገር ሳሎንሽ ውስጥ ካለው ይለያል።

እኔ የካ አባዶ እንደገባሁ ሳላጣራ የወር ጥቅል ገዛሁ። ቤቴ ውስጥ የሚሠራው በረንዳው ላይ ቆሜ ብቻ ሆነ። ወር ሙሉ ልጆቼን ያናገርኩት ነጠላዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ ነው። የየትኛው ድርጅት እንደነበር አልነግርሽም፤ ብነግርሽም አይጠቅምሽም። ሁለት ብሎክ ወረድ ብሎ የምትኖረው ጓደኛዬ ያንኑ ሲም አልጋዋ ላይ ተኝታ ነበር የምትጠቀመው። ጎረቤትሽም ወንድምሽም አልዋሹሽም። የነገሩሽ የየራሳቸውን ግድግዳ ነው።

ሌላም አለ። ኮዬን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ቦሌ አራብሳን፣ የካ አባዶን ከመሀል ከተማ የሚለያቸው ነገር ነው። እነዚህ ሰፈሮች ቀን ላይ ባዶ ናቸው። ሰው ጠዋት በ12 ሰዓት አውቶቡስ ተሰልፎ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። የአንድ ማማ አቅም በሥሩ ላሉት ሁሉ የሚካፈል ነው። ቀን በ7 ሰዓት ብትሞክሪው ሁሉም ፈጣን ይሆንልሻል፤ ሰው የለማ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ በየፎቁ፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ተጋድሟል። ያኔ ነው የኔትወርክ እውነተኛ መልኩ የሚታየው። አንቺም ለደንበኛ መልስ የምትሰጪው፣ ትእዛዝ የምትቀበዪው ያኔ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ሰው ስለ ሽሮ የሚያስበው ከሥራ ሲገባ ነው።

መብራት የሚሄድበት ቀንም አለ። ማማውም በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል። ምን ያህል እንደሚቆይ ከማማ ማማ ይለያያል። ሰፈራችሁ መብራት ጠፍቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላ የየትኛው ሲም ምልክት እንደሚቆይ ልብ በዪ። ይህን የሚያውቀው የሰፈር ሰው ብቻ ነው። የብሎካችሁን ጥበቃ ጠይቂው፤ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዞ ስለሚቀመጥ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ፈተናውን እንዲህ አድርጊው። ጎረቤትሽን ማታ ቡና ጥሪያት። ከመምጣቷ በፊት ሲሟን ለአንድ ሰዓት እንደምትፈልጊው ንገሪያት። ሲሙን አውጥታ ያንቺ ስልክ ላይ ትክተተው። በእሷ ስልክ አትሞክሪው። የእሷ ስልክ ከአንቺ የተሻለ ከሆነ፣ የምታወዳድሪው ስልክን እንጂ ኔትወርክን አይደለም። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ይበቃችኋል።

ሳሎን ቁጭ ብለሽ የ20 ሰኮንድ ቪዲዮ አንሺ። በቴሌግራም ላኪውና ተልኮ እስኪያልቅ ቁጠሪ። ከዚያ ወጥ ቤት ግቢና ድገሚው። ከዚያ መኝታ ቤት። ከዚያ ወርደሽ መገልገያው ውስጥ። በየቦታው አዲስ ቪዲዮ ነው የምታነሺው። ያንኑ ደግመሽ ከላክሽው ቴሌግራም ቀድሞ ስለያዘው በቅጽበት የሄደ ሊመስልሽ ይችላል። ከዚያ ባንቺ ሲም እንዲሁ አድርጊ። የልጅሽን ያለቀ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ጻፊው፤ ቦታ፣ ሰዓት፣ ስንት ሰኮንድ። ስልኩ አናት ላይ ያሉትን መስመሮች አትመኚ። አራት መስመር ሞልቶ ቪዲዮው ሲንቀረፈፍ፣ ሁለት መስመር ሆኖ ሲበር አይቻለሁ። መስመሩ የሚነግርሽ ማማው ምን ያህል እንደሚሰማሽ ነው። ስንት ሰው እንደሚካፈለው አይነግርሽም።

ዕቃ ለማድረስ ሳሪስ ወይም መርካቶ የምትመላለሺ ከሆነ መንገድ ላይም ሞክሪው። ያ ግን ሁለተኛ ነው፤ ሥራሽ ቤት ነው።

ፈተናው ላይ 07 ካሸነፈ አውጪው፤ ለዳታ ብቻ። ካላሸነፈ ባለሽበት እርጊ፣ አንድም ብር አታውጪ። ካወጣሽም መጀመሪያ የቀን፣ ቀጥሎ የሳምንት ጥቅል ግዢ። የወሩን ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳታዪ አትግዢ። የቅድመ ክፍያ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ውል የለም፣ የሚያስርሽ የለም። ሳምንቱ ሲያልቅ ትተሽው ትሄጃለሽ። የወር ጥቅል ስትገዢ ግን በገዛ እጅሽ ራስሽን ለወር ታስሪያለሽ።

ከመግዛትሽ በፊት ስልክሽን እይ። ሁለት ሲም የሚይዝ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ አብዛኛው ስልክ ነው። ነገር ግን ቆየት ያሉ ስልኮች ላይ ሁለተኛው ቦታ 2ጂ ብቻ የሚቀበል አለ። እዚያ ላይ የከተትሽው ሲም ይደውላል እንጂ ኢንተርኔቱ ይጎተታል። ሰው ይህን ሳያውቅ «07 አይሠራም» ወይም «09 አይሠራም» ብሎ ይምላል። ዳታ የምትጠቀሚበትን ሲም አንደኛው ቦታ ላይ አድርጊ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽም ለዳታ የተመረጠው ሲም የትኛው እንደሆነ፣ 4ጂ መፈቀዱንም አረጋግጪ። ስለ 5ጂ የሚነግርሽ ካለ ይቅርብሽ። ስልክሽ ራሱ 5ጂ መሆን አለበት፣ ለሽሮ ፎቶና ለቴሌግራም ደግሞ 4ጂ ይበቃሻል።

ዋጋውን እዚህ አልዘረዝርልሽም፤ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ለ09 *999#፣ ለ07 *777# ደውዪና የዛሬውን ራስሽ አንብቢ። የማነጻጸሪያውን መንገድ ግን ላሳይሽ። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው።

አንዱ ጥቅል 10 ጊጋ ለ30 ቀን በ400 ብር ነው እንበል። ሌላው 2 ጊጋ ለ7 ቀን በ100 ብር። ሰው አካፍሎ የመጀመሪያው ጊጋው 40 ብር፣ ሁለተኛው 50 ብር ነው ይልና የወሩን ይገዛል። አንቺ ግን በወር የምትጨርሺው 5 ጊጋ ብቻ ቢሆንስ? የቀረው 5 ጊጋ ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠላል። ስለዚህ የተጠቀምሽበት ጊጋ 80 ብር ሆነብሽ ማለት ነው። የሳምንቱን ሥራ በሚበዛባቸው ሦስት ሳምንታት ብቻ ብትገዢ 300 ብር ነው፤ በ6 ጊጋ 5ቱን ተጠቅመሽ ጊጋው 60 ብር ይመጣልሻል። ዋጋ የሚለካው በተጻፈልሽ ሳይሆን በተጠቀምሽው ነው። ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ በወር ስንት ጊጋ እንደሄደ፣ የትኛው አፕሊኬሽን እንደበላው ይታያል። መጀመሪያ እሱን እይ። ቴሌግራሙን ከዘጋሽ በኋላ አንድ ወር ጠብቀሽ ደግሞ እይው፤ ቁጥሩ ራሱ ይለወጣል።

ጥቅል ስትገዢ የሚመጣልሽን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቢ። አንዳንዱ ጥቅል ውስጥ የሌሊት ዳታ ተብሎ የሚቆጠር አለ። ለአንቺ አይሆንም፤ አንቺ ሌሊት ትተኛለሽ። የድምፅ ጥቅል ከሆነም ደቂቃው በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው ወይስ ወደ ሁሉም? ይህ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

አንቺ የምታስቢው ስለራስሽ ካርድ ነው። ደንበኛሽም ካርድ አላት። ሲደወልልሽ የምትከፍለው እሷ ናት። 09 ያላት ደንበኛ የገዛችው የድምፅ ጥቅል ወደ 09 ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ወደ 07 ስትደውል ከቀሪ ሒሳቧ ይቆረጥባታል። ቀሪ ሒሳብ ከሌላት ጭራሽ አትደውልም። «ስደውልልሽ እንቢ አለኝ» ብላ ሌላ ቦታ ትገዛለች። ደንበኞችሽ ለ9 ዓመት የለመዱት 09 ስለሆነ፣ ለጥሪ እዚያው መቆየቱ ለእነሱም ይቀላል።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ የሳፋሪኮሙ የስልክ ገንዘብ ኤምፔሳ እዚህ አገር የገባው ነሐሴ 2015። ደንበኞችሽ በቴሌብር መላክ ለምደዋል። 07 ካወጣሽ ኤምፔሳ መክፈት ትችያለሽ፤ በእሱ ልክፈል የምትል ብትመጣ እንዳትመልሻት። ነገር ግን ሁለት ቦታ የሚገባ ብር ሁለት ቦታ ይቆጠራል። ማታ ማታ ደብተርሽ ላይ ለየብቻ ካልጻፍሽው ሂሳቡ ይምታታብሻል። ሁለቱም ላይ የተለያየ የሚስጥር ቁጥር ይኑርሽ። ለማንም አትስጪ፤ ከቢሮ ነው የምደውለው ቢልሽም።

እናትሽ። ይህ አጭር ነው። ገጠር ላለ ሰው የሚሠራው እዚያ ያለው ነው፤ አንቺ ኮዬ ሆነሽ ልትመርጭላት አትችይም። እሷ የያዘችው ሲም የሚሠራላት ከሆነ አትንኪባት። ከ09ም ከ07ም ይደወልላታል። አንቺ ማየት ያለብሽ የደቂቃ ጥቅልሽ ወደ እሷ ቁጥር የሚሠራ መሆኑን ብቻ ነው። ሲሟ 09 ከሆነ ካርዷን ካለሽበት ሆነሽ ከቴሌብር ሙዪላት። እሷ ካርድ ፍለጋ ገበያ ቀን እስኪደርስ አትጠብቅ። ጥሪሽን እንደምትጠብቅ አልጠራጠርም። እኔም የልጆቼን እጠብቃለሁ።

07 አውጥተሽ ከሳምንት በኋላ ብትተዪው ምንም አይደለም። 09ሽን ግን ለረጅም ጊዜ ሳትሞዪ፣ ሳትደውዪበት አታስቀምጪው። ብዙ የተኛ ቁጥር ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቴሌብርሽና የባንክሽ መልእክት ያለበት ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ሲገባ አስቢው።

ያልገባሽ ሂሳብ ከተቆረጠብሽ ዝም አትበዪ። 09 ላይ 994፣ 07 ላይ 700 ደውዪ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የብሩን መጠን ጽፈሽ ያዢ። ድርጅቱ ካልመለሰልሽ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ ቅሬታሽን ለእሱ ማቅረብ ትችያለሽ።

ፈተናውን ስትጨርሺ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ማታ 2 ሰዓት መገልገያው ውስጥ ስንት ሰኮንድ እንደወሰደ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከኮዬ ሌሎችም ይጠይቁኛል። ወንድምሽን ግን ፈተናውን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ይዘሽው ሂጂ። መታወቂያውን እንዳይረሳ ማታውኑ ደውለሽ አስታውሺው።